ሦስተኛው መዘግየት

የ2016ቱን የሪዮ ኦሎምፒክ እኛ የምናስታውሰው በአልማዝ አያና ነው፤ 10 ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሳ ተመልካቹን አፍ ባስያዘችበት ሩጫ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሳምንት በኋላ እዚያው መም ላይ የአሜሪካ ሴቶች በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ወርቅ ወሰዱ። በማጣሪያው ዱላው ወድቆባቸው፣ ይግባኝ ብለው፣ ባዶ መም ላይ ብቻቸውን እንደገና ሮጠው ነው ለፍጻሜ የደረሱት። አራቱም ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ ቲያና ባርቶሌታ፣ አሊሰን ፊሊክስ፣ ኢንግሊሽ ጋርድነርና ቶሪ ቦዊ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አልተወራም። ፊሊክስ በ2018 የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ፕሪኤክላምፕሲያ ያዛት፤ በእርግዝና ሰበብ ደም ግፊት በድንገት ሽቅብ የሚወጣበት፣ ቶሎ ካልተደረሰበት ጉበትና ኩላሊት የሚጎዳ፣ ሲብስም የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ነው። በ32ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለደች። ባርቶሌታም ያለ ወሯ ወለደች። በሪዮ የመጨረሻውን ዱላ ተቀብላ መስመሩን ያለፈችው ቶሪ ቦዊ በሜይ 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ቤቷ ሞታ ተገኘች። ዕድሜዋ 32፣ እርግዝናዋ ስምንት ወር። የአስከሬን ምርመራው ለሞቷ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ ካላቸው መካከል ኤክላምፕሲያ አንዱ ነው፤ ያው የፕሪኤክላምፕሲያ መጨረሻ።

ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። ከእነዚህ ሴቶች የበረታ ሰውነት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አጋጣሚ ነው ብለን እናልፈው ነበር፣ ቁጥሩ ባይኖር።

በእርግዝናና በወሊድ ሰበብ የሚሞቱትን እናቶች ቁጥር የሚይዘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ነው። በ2023 በ100 ሺህ ሕያው ወሊድ 14.5 ነጭ እናቶች ሲሞቱ ከጥቁሮቹ 50.3 ሞተዋል። ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። በኮቪድ ዘመን፣ በ2021፣ የጥቁሮቹ 69.9 ደርሶ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የሁሉም ቀነሰ። ከ2022 ወደ 2023 ግን የነጮቹ፣ የላቲኖቹና የእስያውያኑ ቁልቁል መውረዱን ሲቀጥል የጥቁሮቹ እዚያው 50 አካባቢ ተገትሮ ቀረ።

ነጭና ጥቁር እያልኩ የምከፋፍለው በዘር ነውና፣ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ «ዘር» ሲባል ዛሬ ዛሬ ለሁሉም የሚመጣበት ብሔር ነው። አሜሪካኖች «ሬስ» የሚሉት ሌላ ነው። ክሊኒክ ስትሄዱ ፎርም ላይ የምትሞሉት ሳጥን ነው። ጎንደር ተወልዳ ትናንት ዳላስ ኤርፖርት የወረደችውም፣ ከሌጎስ የመጣችውም፣ ቅድመ አያቶቿ ሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩትም «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ወደዚህ ሳጥን በኋላ እመለሳለሁ፤ የሚያሳየውን ያህል የሚደብቀውም አለ።

«ሃምሳ ምን አላት፤ እኛ አገር ስንት አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ ከ100 ሺህ 412 ነበር። የምክንያቱ አቀማመጥ ግን ይለያያል። ማንኛዋንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋት ሦስቱን መዘግየቶች በቃሏ ትነግራችኋለች። አንደኛው ቤት ውስጥ ነው፤ «እስኪ ትንሽ እንየው» እያሉ መቆየት። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ቃሬዛ፣ ወንዝ፣ አምቡላንስ መጠበቅ። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ነው፤ በሩን አልፎ፣ አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ሐኪም ባለበት ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ሕክምናውን በሰዓቱ አለማግኘት። የገጠሯን እናት ሦስቱም እየተረዳዱ ይገድሏታል። ሜሪላንድ ወይም ጆርጂያ ያለችው ጥቁር እናት ግን ብዙውን ጊዜ ሆስፒታሉ ደርሳለች። የምትሞተው በሦስተኛው ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በየስቴቱ የእናቶችን ሞት አንድ በአንድ መዝገብ ገልጦ የሚመረምር ኮሚቴ አለ። ከ2017 እስከ 2019 የተመረመሩት ሲደመሩ፣ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆነው ሞት ሊቀር የሚችል ነበር። ከግማሽ በላዩ ደግሞ የደረሰው በምጥ ሰዓት አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ፣ ከሰባተኛው ቀን እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሕፃኑ ተመዝኖ፣ ፊኛው ተሰቅሎ፣ ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ።

ሰው ቶሎ የሚያነሣው መልስ ድህነት ነው። ድህነት አለበት፤ ብቻውን ግን አያስረዳም። ከ2007 እስከ 2016 የተመዘገበውን ሞት ሲዲሲ በትምህርት ደረጃ ሲከፋፍለው፣ ኮሌጅ የጨረሰች ጥቁር ሴት ኮሌጅ ከጨረሰች ነጭ 5.2 ጊዜ እጥፍ ለሞት ተጋልጣ ተገኘች። ይብስ ብሎ፣ ሁለተኛ ደረጃ ካላጠናቀቀች ነጭ ሴት እንኳ 1.6 ጊዜ እጥፍ። ዲግሪ ነጯን የሚጠብቃትን ያህል ጥቁሯን አይጠብቃትም ማለት ነው። ገንዘብም እንደዚሁ። ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 በኦፕራሲዮን በወለደች ማግስት ትንፋሽ አጠራት። ከዚህ በፊት ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ስለሚያውቅ ምን እንደሆነ አላጣችውም፤ ሲቲ ስካንና ደም ማቅጠኛ እንደሚያስፈልጋት ለነርሷ ነገረቻት። ነርሷ «የሕመም ማስታገሻው ነው የሚያስቀባጥራት» ብላ አሰበች። መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ አዩ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ሲቲውን ሲያነሱ የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ። ዓለም ስሟን የሚያውቃት ሴት እንዲህ ከተጠረጠረች፣ ቢሮ ስታጸዳ የምታድረውን አስቡት።

«የደም ነገር ነው፤ ጥቁር በተፈጥሮው እንዲያ ነው» የሚለው ሁለተኛው መልስ ነው። ይህን የሚያፈርሰው እንደኛ ያለው ስደተኛ ነው። በ1997 ሪቻርድ ዴቪድና ጄምስ ኮሊንስ የተባሉ ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ኢሊኖይ ውስጥ የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት አነጻጸሩ። የነጭ አሜሪካውያን ልጆች በአማካይ 3,446 ግራም፣ አሜሪካ ከተወለዱ ጥቁር እናቶች የተወለዱት 3,089 ግራም። ከአፍሪካ የመጡት እናቶች ልጆችስ? 3,333 ግራም። ደም ቢሆን ኖሮ ደሙ ያልተቀላቀለው አፍሪካዊ በባሰ ነበር፤ እሱ ግን ከነጩ ጎን ቆመ። ጥናቱን ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ቀጣዩ ትውልድ ሲወስዱት ነገሩ ተገለበጠ። ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች የልጅ ልጆች ክብደት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጨምር፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡት ግን አሜሪካ የተወለዱ ሴት ልጆቻቸው ሲወልዱ ክብደቱ ቀነሰ። እዚህ ጋ ቆም ብዬ አስባለሁ። እኛ ይዘነው የመጣነውን ጤና ልጆቻችን እዚሁ ያጡታል ማለት ነው።

የሚያጡበትን መንገድ አርሊን ጄሮኒመስ የምትባል ተመራማሪ በ1992 «ዌዘሪንግ» ብላዋለች። የጭቃ ቤት ግድግዳን ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁ እንደሚሸረሽሩት ማለት ነው። በየሱቁ በጥርጣሬ መታየት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ራስን ማስመስከር፣ ፖሊስ ሲያስቆም መንቀጥቀጥ፤ አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲደራረብ ግን ሰውነቱ ሳይተኛ እንዳደረ ዘበኛ ይሆናል። ደም ግፊቱም ስኳሩም ቀደም ብሎ ይመጣል።

ይህ እናቲቱ ሆስፒታል በር እስክትደርስ ያለው ነው። ከበሩ በኋላ ያለው የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም እኛን በቅርብ በሚነካ በሽታ ይጀምራል።

በ1840ዎቹ፣ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጄ. ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም ፌስቱላን በቀዶ ሕክምና ለመጠገን ይሞክር ነበር። ፌስቱላን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምጥ ለቀናት ሲራዘም ፊኛ ተቀዶ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ነው። የሞከረው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነው። የሦስቱ ስም ተርፏል፤ አናርቻ፣ ቤትሲ፣ ሉሲ። ማደንዘዣ አልሰጣቸውም። አናርቻ ብቻዋን 30 ጊዜ ያህል ቀዶ ሕክምና ተደርጎባታል። ፈቃድ የተጠየቁት ጌቶቻቸው ናቸው። ሲምስ በኋላ ኒውዮርክ ሄዶ በ1855 የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመ፤ የዘመናዊ የማህፀን ሕክምና አባት ተባለ፤ ሴንትራል ፓርክ ዳር ሐውልቱ ቆመ። የተነሣው በኤፕሪል 2018 ነው። የማህፀን ሐኪሞች እስከ ዛሬ ከሚይዟቸው መሣሪያዎች አንዱ አሁንም በስሙ ይጠራል።

ያው በሽታ፣ ያው ጥገና አዲስ አበባ ሲደርስ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 መጡ፤ የፌስቱላ ሆስፒታሉ በ1974 ተከፈተ። ማሚቱ ጋሼ በልጅነቷ በፌስቱላ ታካሚነት ገብታ፣ ማንበብ ሳትችል ከሐኪሞቹ አጠገብ ቆማ እየተማረች፣ ራሷ ቀዳጅ ሆነች። አናርቻ 30 ጊዜ ቢላዋው ሥር ተኛች፤ ማሚቱ ቢላዋውን ያዘች። «አካታችነት» የሚባለውን የቢሮ ቃል ሰው ሲጠይቀኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

የሲምስ ዘመን እምነት፣ ጥቁር ሴት ሕመም ትችላለች የሚለው፣ ከሐውልቱ ጋር አልተነሣም። በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 222 ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ሬዚደንቶችን ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ሰው ቆዳ ይወፍራል» ከመሰሉ ሐሰተኛ አባባሎች ቢያንስ አንዱን እውነት ነው ወይም ሊሆን ይችላል አሉ። እነዚህን ያመኑት የጥቁሩን ታካሚ ሕመም ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ የሚያዙት መድኃኒትም የዚያኑ ያህል ተዛባ። በክፋት አይደለም። አስተማሪው እንዲያ ብሎት ይሆናል፤ ለአስተማሪውም አስተማሪው።

አንዳንዱ እምነት ሰው ልብ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ቀመር ውስጥ ገብቷል። አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በሚቀጥለው በምጥ ለመውለድ ያላት ዕድል ስንት ነው የሚለውን ሐኪሞች ከ2007 ጀምሮ የሚያሰሉበት መሥሪያ ነበር። ዕድሜ፣ ክብደት ይገባል። ከዚያ «ጥቁር ነሽ?» ይላል። አዎ ከተባለ ዕድሏ ይቀንሳል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሐኪሙ «እንደገና በኦፕራሲዮን ይሻልሻል» ይላታል፤ ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ጥያቄው ከቀመሩ የወጣው በ2021 ነው። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያም እንዲሁ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይስታል። በ2020 መጨረሻ ከሚሺጋን የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ኦክስጅናቸው በእርግጥ ወርዶ ሳለ ማሽኑ «ደህና ናቸው» ያላቸው ጥቁሮች ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበሩ።

የሚወለድበት ቦታም እኩል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከጥቁር እናቶች ሦስት አራተኛው የሚወልዱት ከሆስፒታሎቹ አንድ አራተኛው ውስጥ ነው፤ እነዚያም ባብዛኛው አቅማቸው የሳሳ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲን ለሚያውቅ፣ በ2017 ፕሮቪደንስና ዩናይትድ ሜዲካል ሴንተር የማዋለጃ ክፍላቸውን ሲዘጉ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር ማዋለጃ አጣ። ነዋሪው ባብዛኛው ጥቁር ነው። ሴዳር ሂል የተባለው አዲስ ሆስፒታል እስኪከፈት፣ እስከ ኤፕሪል 2025፣ እንዲያው ቆየ። ለስምንት ዓመት ገደማ ምጥ የያዛት ሴት ድልድይ ስትሻገር፣ የኮንግረሱ ጉልላት ከዚያው ከድልድዩ ይታያል።

አሁን ከቁጥሩ ወጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ልውሰዳችሁ። አራስ ጥየቃ ሄጄ ነው። ስምንተኛ ቀኗ ነበር። ገንፎው መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤው በበርበሬ ቀልቷል፤ አጥሚቱ በፔርሙስ ተቀምጧል። ልጅቷ ፈገግ እያለች «ራሴን ፈለጠኝ» አለች። ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ስድስት ምክንያት አገኘንላት። ቡናዋ ሰዓቱ አልፎባት ነው። እንቅልፍ ነው። ምች ነው። የወገብ መርፌው ነው። ብርድ ነው። አንዷ «ሰው በዝቶ ዓይን በልቷት ነው» ብላ ወደ እኛ ወደ ጠያቂዎቹ አየች። አባቷ ልጃቸውን ለማረስ ከመጡት እናቷ ጋር ከአዲስ አበባ የመጡ የደም ግፊት ታካሚ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ መለኪያቸውን ይዘው መጡ። «እስኪ ክንድሽን።» 168 በ112። ማሽኑ ተበላሽቷል ተባለ። በእኔ ክንድ ተሞከረ፤ 118 በ76። ዝም አልን።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የተቀበለችን ነርስ ጥድፊያ ላይ ነበረች። «እንዴት ነሽ?» አለቻት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች የእኛ ልጅ፤ ሌላ ምን ትላለች? እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ቃል በቃል አስተረጎምኩት። «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ምጡን በሙሉ «ማርያም ማርያም» ብቻ ብላ የወለደች ልጅ ናት፤ «አራት» አለች። አራት ተጻፈ። ግፊቷ ተለካ፤ ከፍ ማለቱ «ተረብሻ ነው» ተባለ። ቁጭ በሉ ተባልን። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ ሌላ ነርስ በአጠገባችን ስታልፍ የልጅቷን ሸሚዝ አየች። ወተቱ ፈስሶ ደረቷን አርሶታል። ቆመችና «ልጅሽ ስንት ቀኑ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነበር፤ ማግኒዚየም በደም ሥር፣ የማህፀን ሐኪም፣ ወደ ላይ ፎቅ።

ጥፋቱን ሳከፋፍለው ለሁሉም ይደርሳል። አንደኛው መዘግየት የእኛ ነበር፤ ራስ ምታት ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ የፕሪኤክላምፕሲያ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከስድስታችን አንዳችንም አላወቅንም። ሦስተኛው የእነሱ ነበር። መሀል ላይ ደግሞ እኔ አለሁ፤ መጀመሪያ መናገር የነበረብኝ «ከስምንት ቀን በፊት ወልዳለች» የሚለውን ነበር። ዱላው ከእጄ ወደቀ።

ለዚህ ነው ዘመድ አስተርጓሚ መሆን የሌለበት። አማርኛ ሕመሙን የሚናገርበት የራሱ መንገድ አለው። «ልቤን አጥወለወለኝ» ያለችውን ሴት ቃል በቃል የተረጎመ ሰው የልብ ምርመራ ያሳዝዝላታል፤ እሷ ያለችው ሊያስመልሰኝ ነው። «ደከመኝ» ትንፋሽ አጠረኝ ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፍ አማረኝም ሊሆን ይችላል። ስለ ማህፀኗ በልጇ አፍ የምትናገር እናትማ ግማሹን ትውጠዋለች። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህ የሚመነጨው ከ2010ሩ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ አንቀጽ 1557 ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከስድስቱ ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» የሚለው ትሕትናችን ግን እዚህ ጋ ጠላታችን ነው።

ቋንቋና ፈቃድ ሲለያዩ የሚሆነውን የእስራኤል ኢትዮጵያውያን አይተዋል። በ2012 መጨረሻ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶችን አነጋገረ። ዴፖ-ፕሮቬራ የሚባለው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ አንዳንዶቹም ገና ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዞ ሲጠብቁ፣ ምንነቱ በቅጡ ሳይነገራቸው እንደተሰጣቸው ተናገሩ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ ውጤቱን መረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት መርፌው እንዳይታደስ መመሪያ ሰጡ፤ ጥፋት ተሠርቷል ግን አላሉም። የመንግሥቱ ዋና ኦዲተር በ2016 በግድ ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። እኔ በዚህ ግኝት ላይ ክርክር የለኝም። «ተገድዳለች ወይ?» እና «ገብቷታል ወይ?» ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስ ያገኘው የመጀመሪያው ነው።

ሳጥኑ ጋ እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከነጯ ትንሽ ያንሳል፤ የመሞት ዕድሏ ግን 40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አንዱ ምክንያት ዘግይቶ መመርመርና ሕክምናው መጓተቱ ነው። ሌላው፣ ለሆርሞን መድኃኒት የማይመለሰው ትሪፕል ኔጌቲቭ የተባለው ዓይነት በጥቁሮቹ ላይ እጥፍ ያህል መብዛቱ ነው። ጥናቱ አፍሪካ ሲሄድ ግን ይህ ዓይነት ጋና ላይ በጣም ብዙ፣ ኢትዮጵያ ላይ ግን በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም «ጥቁር» ናቸው። ሳጥኑ አንቺን ሐኪሙ እንዴት እንደሚያይሽ ይናገራል፤ ሰውነትሽ ውስጥ ስላለው ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ማሞግራሙ፣ የጡት ራጁ፣ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳጥኑ ምንም ይሁን።

ታዲያ ምን ይደረጋል ሲባል ሁለት ቃላት ይምታታሉ፤ እኩልነትና ፍትሐዊነት። ከዚያ ሆስፒታል የወጣች እናት ሁሉ አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚያም ሕመም፣ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ካለ ተመለሺ ይላል። እኛም ቤት ነበር፤ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ተለጥፎ። እኩልነት ያ ነው።

ፍትሐዊነትን ፊላዴልፊያ ላይ የተሞከረው ያሳያል። የደም ግፊት የነበረባቸው እናቶች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱን ወገን «ከወሊድ በኋላ ክሊኒክ መጥታችሁ ተለኩ» አሏቸው። ጥቁር ካልሆኑት 70 በመቶ ያህሉ ሲለኩ ከጥቁሮቹ ሲሶ ገደማ ብቻ ተለኩ። ሥራ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የሚያቆይላት የሌለ ሌላ ልጅ አለ። ለሌላው ወገን መለኪያውን ቤታቸው ሰደዱትና «ለክታችሁ ቁጥሩን በስልክ ጻፉልን» አሏቸው። ከሁለቱም በኩል ከአሥሩ ዘጠኙ ላኩ። ልዩነቱ ጠፋ። ማንንም ስለ ዘረኝነት ሳይሰብኩ፣ በአንድ መለኪያና በአንድ መልእክት።

ካሊፎርኒያም በዚህ መንገድ ሄዳ ነው በ2006 እና በ2013 መካከል የእናቶችን ሞት ከግማሽ በላይ የቀነሰችው። የፈሰሰውን ደም በዓይን መገመት ቀርቶ ጨርቁ ተመዝኖ እንዲታወቅ፣ የመድማት ጊዜ የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ጋሪ ላይ ተሰናድቶ እንዲቀመጥ አደረጉ። ሚዛን የቆዳ ቀለም አያይም። ከመድማት በሚመጣው ከባድ ጉዳት ላይም በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ። የቀረው የፖሊሲ ነው። ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚከፍለው የጤና መድን፣ ድሮ እናቲቱ ከወለደች በ60 ቀኗ ይቋረጥባት ነበር፤ ከ2022 ወዲህ በሁሉም ስቴቶች ለማለት በሚያስችል ሁኔታ እስከ ዓመት ሆኗል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ሜዲኬይድ «ዱላ» የምትባለውንም ይከፍላል። ስሙ ለእኛ ጆሮ አያምርም፤ አንዷ ዘመዴ «ዱላ ይኑርሽ» ስትባል «ማንን ልመታበት?» ብላለች። ዱላ ማለት በምጥ ጊዜ አጠገብ ሆና የምታግዝ፣ ቃሉ እንዳይወድቅ ከእናቲቱ ተቀብላ ለሐኪሙ የምታቀብል ሴት ናት። እናቶቻችን ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሥራ ነው።

የአሜሪካ የማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 እናቲቱ በስድስተኛው ሳምንት ብቻ መታየቷ ቀርቶ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ እንድትጠየቅ መከረ። ይህን ሳነብ ትንሽ ሳቄ መጣ። አራስ ጥየቃ ማለት ይኸው አይደለም? በየቀኑ ሰው የሚያያት፣ የምትበላው የሚታወቅ፣ ብቻዋን የማትተኛ እናት። የጎደለን መለኪያው ብቻ ነበር።

ልጅቷ በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ አዲስ አበባ ሲመለሱ መለኪያቸውን ትተውላት ሄዱ። አሁን እሷም ጋ የለም። ሰፈሩ ውስጥ አራስ ባለበት ቤት ሁሉ ከገንፎው ማሰሮ ጋር አብሮ ይዞራል። ባትሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ጀርባው ላይ አንዲት ሴት በነጭ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ «160 በ110 ከደረሰ ወዲያው። መጀመሪያ የወለድሽበትን ቀን ንገሪያቸው» ብላ ጽፋበታለች።